ስምንት ስፌት፣ ሁለት እጅ

«እንግዲህ ወይዘሮ፣ እኛ ሰፋን፤ እርስዎ ተረተሩ። እንግዲህ ጣቱን ማን ጎዳው? እንግዲህ ይሄ ለሕፃን የሚጠፋ ነገር ነው?»

ይሄን ያለው የሆስፒታሉ የቅሬታ ክፍል ኃላፊ ነው። ድምፁን ማምጣት ከፈለጋችሁ አፍንጫችሁን በሁለት ጣት ያዝ አድርጉና በየመሀሉ ምራቃችሁን ዋጥ እያደረጋችሁ ተናገሩ፤ ቁርጥ እሱን ትሆናላችሁ። ያለ «እንግዲህ» አፉ ስለማይፈታለት እኔ አቶ እንግዲህ ብዬዋለሁ። እናቱ ያወጣችለት ስም ከዚህ በላይ አይገጥመውም።

እትዬ ሚሊ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ ቀኝ እጇን እንደ ሰው ዕቃ ፊቱ አስቀምጣለታለች። አራቱ ጣቶች ጠረጴዛውን ይመታሉ። አውራ ጣቷ ለብቻው ተጋድሟል።

«እኔ የተረተርኩት ክሩን ነው» አለችው። «ጣቱ ከዚያ በፊት ሞቷል።»

«እንግዲህ ማስረጃ?»

«እጄ ይኸው።»

«እጅዎንማ እንግዲህ አሁን ነው የማየው። ያኔ አላየሁም።»

ከዚያ ፋይሉን ገለጠና ፍርድ እንደሚያነብ ዳኛ አንገቱን አቅንቶ አነበበላት። ቀዶ ሕክምናው በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል። ቁስሉን ዶክተሩ ራሱ ሰፍቶ ዘግቷል። ሕመምተኛዋ አውራ ጣቷን እያንቀሳቀሰች ወጥታለች። በኋላም ስፌቱን በገዛ እጇ በመተርተሯ ጉዳት ደርሶባታል። ከሥሩ ፊርማ፣ ከፊርማው ላይ ማኅተም።

እኔ ቦርሳዋን ይዤ በሩ ጥግ ቆሜ ነበርና ፊቷን አየሁት። ጣቴ ሞተ ብላ ያላለቀሰች ሴትዮ ይሄን ስትሰማ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሃያ ስድስት ዓመት ልብስ ስትሰፋ «አበላሸችብኝ» ያላት አንድ ደንበኛ የለም። አሁን የገዛ እጇን አበላሸች ተብላ በማኅተም ተጻፈባት።

«ይቺ ትፋቅ» አለች፣ መጨረሻዋን መስመር እያሳየች።

«እንግዲህ በማን?»

«በጻፋት።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ የላትም። «ጣቴ ቢድን ደስታዬ ነው፤ ባይድን ግን ያቺ መስመር ትፋቅ» ነው ነገሯ።

ማን እንደሆነች ልንገራችሁ፤ እኔ ካልነገርኳችሁ ማን ይነግራችኋል። ሱቋ ውስጥ ካውያ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ቆሜያለሁ። ሱቁ ከመጥበቡ የተነሳ አንዳችን ስንተነፍስ ሌላችን መጠበቅ አለብን። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ መቁረጫ ጠረጴዛ፣ አንድ መስታወት፣ ደንበኛ ሱሪ የሚለካባት መጋረጃ ያላት ጥግ፣ ከዚያ የእኔ ካውያ። ሚሊ የተባለችው በሚሊ ሜትር ስለምትጣላ ነው። አንዱ ደንበኛ ኮቱን ለብሶ «በጣም ቆንጆ ነው» ብሎ ሊሄድ ሲል እጅጌው ሁለት ሚሊ ወጥቷል ብላ አስወለቀችው። «እኔ እኮ አይታየኝም» አላት። «ለዚህ ነዋ አንተ ሰፊ ያልሆንከው» አለችው። ባሏንም የፈታችው ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ በአንድ ጎን ብቻ ስለሚከት ነው ይባላል። እኔ አላልኩም፤ የሚሉት ናቸው ያሉት።

አንድ ሕግ ደግሞ አላት። የሌላ ሰፊ ሥራ ሊስተካከል ሲመጣላት፣ መጀመሪያ ስፌቱን ወረቀት ላይ ሳትገለብጥ አትፈታም። ርቀቱን፣ ቋጠሮውን፣ ክሩ የሄደበትን አንድ በአንድ ትሥላለች። እኔ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንድ የቀሚስ ወገብ ዝም ብዬ ስተረትር ደርሳብኝ እጄን መታችኝ። «የማታውቂውን ስፌት አትፍቺ። ከፈታሽው በኋላ ማን እንደሰፋው አይነግርሽም» አለችኝ። ይሄን ቃል ያዙልኝ፤ በኋላ ይመጣል።

አሁን ወደ እጇ። አውራ ጣቷ ሥር ባቄላ የምታክል እጢ ወጣችባት። አታምም፤ ግን መቀስ ስትይዝ ትገፋለች። ወንድሟ ሹፌር ነው፤ አንድ ታዋቂ ሐኪም አውቃለሁ ብሎ ወሰዳት። ያ ሐኪም ዶክተር መጣሁ ነው። መጣሁ የምለው ሁልጊዜ ሲሄድ መጣሁ ስለሚል ነው። ክፍል ውስጥ ይገባል፣ ስልኩ ይጮሃል፣ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ «መጣሁ» ይላል፣ ከዚያ ሰውየውን የሚያየው ጠባቂው ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ በሌላ ሠፈር የራሱ ክሊኒክ አለው አሉ። «ትንሽ ነገር ናት፣ ሃያ ደቂቃ» አላት። ወረቀት ሰጡና ፈርሚ አሏት። የኮት ገበር ላይ ያለችውን የአስተጣጠብ ምልክት ሳታነብ ውሃ የማታስነካ ሴትዮ፣ የገዛ እጇን ወረቀት ሳታነብ ፈረመች።

ያደነዘዟት እጇን ብቻ ነው፤ ጆሮዋን አልነኩትም። መሀል ላይ ጨርቅ ጋርደውባት እሷ ከወዲህ ጣሪያ ታያለች። ዶክተሩ ሲቆርጥ ቆይቶ አንድ ጊዜ «እ» አለ። ቀስ ብሎ፣ በአፍንጫው። እትዬ ሚሊ ይቺን ስትነግረኝ እኔም ሳቅሁ፤ ያቺን ድምፅ ሰፊ ሁሉ ያውቃታል። መቀሱ መስመሩን አልፎ ሲሄድ የምትወጣ ድምፅ ናት። ደንበኛ አጠገብህ ከቆመ ጮክ ብለህ አትላትም።

ከዚያ መስፋት ጀመረ። ከዚያ ስልክ። ከዚያ «መጣሁ፣ መጣሁ» ተባለና በሩ ተዘጋ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ሰው ተጠጋት፤ ሳሙና ሳሙና የሚሸት፣ በአፍንጫው እያዜመ የሚሠራ ሰው። ጨርቁ ሲነሳ ግን ክፍሉ ባዶ ነበር፤ እጇ ተጠቅልሏል።

በአራተኛው ቀን ፋሻ ሊቀየርላት ሄደች። የፋሻ ክፍሉ ሰው ሸምገል ያሉ ናቸው፤ አርባ ዓመት ቁስል አጥበዋል። ጋሼ ፋሻ ነው የምላቸው። ፋሻውን ፈቱና «እስኪ አውራ ጣትሽን እጠፊው» አሏት። አልታጠፈም። እንደገና አሏት። አልታጠፈም። ፋሻውን እጃቸው ላይ እንደያዙ ወጡ፤ ሲመለሱ ዶክተሩ «ይነቃል» ብሏል አሏት። ፊታቸው ግን እንደዚያ አላለም።

ክሩ የሚወጣበት ቀን ሲደርስ ሄደች። ክፍሉ ተቆልፏል፣ ሰኞ ነይ። ሰኞ ሄደች። ዶክተሩ ስብሰባ ናቸው፣ ሐሙስ ነይ። ሐሙስ ሄደች። ዛሬ ተራ አልያዝሽም። ቆዳዋ ክሩን እየዋጠው መጣ። እሷን ያቃጠላት ግን መቆየቱ ብቻ አልነበረም፤ ስፌቱ ነው። መስታወቱ አጠገብ ተቀምጣ እጇን እያገላበጠች ታየዋለች። «ሦስቱ የሰካራም ነው። አምስቱ ግን የሰው ነው» ትለኛለች። የራሷ ገላ ላይ ጠማማ ስፌት ይዛ ደንበኛ ፊት መቆም አላስቻላትም። ሌላ ሰው ቢሆን ጤና ጣቢያ ሄዶ ያስወጣ ነበር። እሷ ግን መተርተሪያዋን ውሃ ውስጥ አፈላችና ተቀመጠች።

ሞኝነት ነው፤ አላሰማምረውም። ነግሬያታለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ግን ሕጓን አልሳተችም። መጀመሪያ ወረቀት አወጣች። ቀኝ እጇ ብዕር ለመጨበጥ እንቢ አለ፤ አውራ ጣቱ የለማ። በግራዋ ያዘችና እየተንቀጠቀጠች ስምንቱንም ሣለቻቸው። መስመሩ እንደ ትል ይሄዳል። መጻፉ ደግሞ ጨርሶ አቃታትና እየነገረችኝ እኔ ጻፍኩላት፦ ቀኑን፣ ርቀቱን፣ ቋጠሮውን። «ሦስቱ ሦስት ሚሊ፣ ሰባት ሚሊ፣ አምስት ሚሊ፤ ቋጠሮ በግራ። አምስቱ እኩል አራት ሚሊ፤ ቋጠሮ በቀኝ። እዚህ ጋ እጅ ተቀይሯል። አውራ ጣት እስካሁን አልታጠፈም።» ይሄን ሁሉ ከጻፍኩ በኋላ ነው ክሩን አንድ በአንድ ያወጣችው። ደም እንኳ አልወጣትም።

እንግዲያው አቶ እንግዲህ ያቺን መስመር ካነበበላት በኋላ ወንድሟ መጣ። ከሐኪም ጋር የተጣላ መርፌ ያጣል፣ ተይው እያለ ሊያረጋጋት ሞከረ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አላት። እሷም፣ ሐኪሙን ያመጣህልኝ አንተ ነህ፣ አሁን ደግሞ ዝም በይ የምትለኝ አንተ ነህ፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አለችው። ባሏ አለመሆኑን አላስታወስኳትም።

ወደ ጠበቃ ሄድን። ጠበቃዋ አጭር ሴት ናት፤ ኮቷ ግን የረጅም ሰው ነው። ትከሻው ወርዶ ክንዷ ላይ ተቀምጧል። እትዬ ሚሊ ገና ስትገባ እዚያ ትከሻ ላይ ዓይኗ ተተከለ፣ እዚያው ቀረ።

ጠበቃዋ መጀመሪያ የጠየቀችን ፋይሉን ነው። በቃል ሳይሆን በጽሑፍ እንድንጠይቅ፣ ማመልከቻውን ሲቀበሉ ቅጂው ላይ እንዲፈርሙልን፣ ሙሉ ግልባጭ ማግኘት መብታችን እንደሆነ ነገረችን። ከዚያ መሄጃው አንድ ብቻ እንዳልሆነ አስረዳችን። የሙያ ሥነ ምግባር ኮሚቴ አለ፤ እሱ ሐኪሙን ይመረምራል፣ ይቀጣል፣ ፈቃዱን ሊያግድ ይችላል፤ ካሳ ግን አይሰጥም። ካሳ የፍርድ ቤት ነው። ከባድ ቸልተኝነት ከሆነ ደግሞ ፖሊስም አለበት። ጊዜ እንዳለውም ነገረችን፤ ዝም ብለሽ ካሳለፍሽው መብትሽ እጅሽ ላይ ይሞታል አለቻት። እጇን አይታ ነገሩን ያለችው ይመስለኛል፤ ወዲያው ይቅርታ አለች።

«ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ እትዬ። ጣትሽ መጎዳቱ ብቻውን ጥፋት አይባልም። ጎበዝ ሐኪም ተጠንቅቆ ሠርቶም ሊከፋበት ይችላል። እኛ ማሳየት ያለብን፣ ጠንቃቃ ሐኪም የሚያደርገውን አለማድረጉን ነው። ጉዳት መድረሱንም። ጉዳቱ ከዚያ መምጣቱንም።»

እትዬ ሚሊ ዓይኗን ከትከሻው ሳትነቅል መለሰች። «ገባኝ። ደህና ጨርቅ ሰጠሁህ። አንተ አጣመህ ቆረጥከው። ልብሱ አልሆነም። ያልሆነው በመቀስህ ነው እንጂ፣ እኔ በፈላ ውሃ አጥቤው አይደለም።»

ጠበቃዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «እኔ ይሄን አምስት ዓመት ነው የተማርኩት» አለች።

«ይሄን ትከሻ የሰፋው ሰውዬ ግን ምንም አልተማረም።»

እንደዚህ ተዋደዱ። ወዲያው እትዬ ሚሊ ከደረቷ ላይ መርፌ ቁልፍ አወጣችና ትከሻውን ትሰበስብ ጀመር፤ ጠበቃዋም እየተወጋች ማስረዳቷን ቀጠለች። ችግሩ፣ አለች፣ እነሱ በፈላ ውሃ አጥባዋለች ማለታቸው ነው። መተርተርሽን ይዘዋል። ጣቱ ከመተርተሩ በፊት መጎዳቱን የሚያሳይ ነገር ካላገኘን ያቺ መስመር አትፋቅም።

ይሄኔ እትዬ ሚሊ ኮራ ብላ ቦርሳዋን ከእኔ ተቀበለችና አንድ ጥቅል ወረቀት ዘረጋች። ስምንቱ ስፌት በማስመሪያ ተሥሏል፣ ርቀቱ በቀይ፣ ቋጠሮው በሰማያዊ። ያማረ ሥራ። ጠበቃዋ ዓይኗ በራ።

«መቼ ነው የሣልሽው?»

«ባለፈው ማክሰኞ።»

ያ የበራ ዓይን ጠፋ። ማክሰኞ ማለት ከመተርተሩ ከሁለት ወር በኋላ ነው። የመጀመሪያውስ የት አለ ብትላት፣ እሱማ ሲያዩት ያስጠላል፣ በግራ እጇ ተንጋዶ የተሣለ ነው፣ እንዲህ ያለ ሥራ ይዛ ዳኛ ፊት አትቀርብም፤ ለዚህ ብላ በግራ እጇ ሦስት ሳምንት ተለማምዳ ንጹሕ አድርጋ ገልብጣዋለች።

«ለምን በግራ?» አለች ጠበቃዋ፣ ቀስ ብላ።

«ቀኙ ብዕር መያዝ አቅቶት ነዋ።»

ጠበቃዋ መርፌ ቁልፉ ትከሻዋ ላይ እንደተሰካ ብድግ አለች። «እትዬ፣ እኔ የምፈልገው ያንን አስቀያሚውን ነው! የት አደረግሽው?»

«ጣልኩት።»

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይሄ ነው። ሴትዮዋ ካለቻት ማስረጃ ሁሉ የምትበልጠውን፣ ሥራው አያምርም ብላ ጥላዋለች። እኔ ግን ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ካውያ ላይ የሚሠራ ሰው ወረቀት አይጥልም። ከካውያው ብርድ ልብስ ሥር አነጥፈዋለሁ፤ እንጨቱ እንዳይቃጠል።

ሮጠን ሱቅ ሄድን። ብርድ ልብሱን ገለጥኩት። አንድ ጥጉ እንደ ብስኩት ቡናማ ሆኗል፤ ትሎቹ ግን ስምንቱም አሉ፣ ቀኑም አለ፣ የእኔ ጽሕፈትም አለ፤ የእሷን መስመር ጠማማ ነው ስል የነበርኩ፣ የእኔን ፊደል አይቼ አፈርኩ። እትዬ ሚሊ ወረቀቱ ተገልጦ ስታየው ዓይኗን ሸፈነች። ጠበቃዋ እንደ ሕፃን በሁለት እጇ አቅፋ ወሰደችው። በማግሥቱም አቤቱታችንን ለሥነ ምግባር ኮሚቴው አስገባች።

ወረቀት ብቻውን ግን አይበቃም፤ ትናንት ሣልሽው ሊሉ ይችላሉ አለች። ስለዚህ እትዬ ሚሊ የወረቀቱን ፎቶ ኮፒ ይዛ፣ እኔን አስከትላ፣ ወደ ጋሼ ፋሻ ሄደች። እሳቸው በአፍንጫቸው እያዜሙ የአንዱን ጉልበት እየጠቀለሉ ነበር። አምስቱን ስፌት አሳየቻቸውና፣ ይሄን የሰፋውን ሰው እየፈለግሁ ነው፣ ሃያ ስድስት ዓመት ስሰፋ እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም አለቻቸው። እኔ አይደለሁም አሉ። እኔ መቼ እርስዎ ነዎት አልኩ አለቻቸው። ፋሻቸውን ጠቀለሉ። ወረቀቱን በጎን አዩት። እንደገና ጠቀለሉ። ትንሽ ቆይተው እንዲህ አሉ፦

«አራት ሚሊ አይደለም። ሦስት ተኩል ነው።»

በገዛ አፋቸው ተያዙ። ሰፊ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ስርቆት ብታወራበት ይክዳል፣ ልኩን ካሳሳትክበት ያምናል። ከዚያ ባለጉልበቱን ሸኝተው በሩን ዘጉና የፈሩትን ነገሩን። ጡረታ ሊወጡ ሰባት ወር ቀርቷቸዋል። ምስክር መሆን አይችሉም፣ እሷም ሰው ናት ትረዳቸው። እትዬ ሚሊ አልለመነቻቸውም። ልትወጣ ስትል ብቻ፣ ፋይሉ ስምንቱንም የሰፉት ዶክተሩ ናቸው ይላል አለቻቸው።

«ስምንቱንም?» አሉ ጋሼ ፋሻ። «ያንን ሦስቱንና ይሄን አምስቱን፣ አንድ ሰው?»

«አንድ ሰው።»

ያንን መዋጥ አልቻሉም። አርባ ዓመት ሙሉ ሌላ ሲጀምር እሳቸው ሲጨርሱ ኖረዋል፤ ስማቸው የተጻፈበት የለም፣ እሱንም ዝም ብለዋል። ከዚያ ጭርንቁስ ጋር አንድ እጅ ነው መባሉ ግን አንገበገባቸው። «ኮሚቴው የሚሰበሰብበትን ቀን ንገሪኝ» አሉ።

አቶ እንግዲህ ይሄን ሰማ መሰለኝ፣ ስብሰባው ሳምንት ሲቀረው ሱቃችን ድረስ ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። ሰውየው ከተማው ውስጥ ሌላ ሰፊ ያጣ ይመስል። መጋረጃው ውስጥ ገብቶ ለብሶ ወጣና፣ እኔ እግሩ ሥር በጠመኔ ምልክት ሳደርግ እሱ ከላይ ከደረት ኪሱ አንድ ወረቀት አወጣ። እንግዲህ ሆስፒታሉ ጥፋት ባይኖርበትም በርኅራኄ ተነሳስቶ የተወሰነ ድጋፍ ያደርጋል፣ እንግዲህ እርስዎም ይቺን ይፈርሙና ክስዎን ይተዋሉ፣ ፋይሉ እንግዲህ እንዳለ ይቆያል።

እትዬ ሚሊ በዚህኛው ጊዜ አነበበች። ከላይ እስከ ታች፣ ሁለት ጊዜ፣ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች። ወረቀቱን አጥፋ ኪሱ ውስጥ መለሰችለት።

«ሱሪህን አሳጥርልሃለሁ» አለችው። «ነገሩን ግን አላሳጥርልህም።»

ሱሪውን ለመውሰድ እስከ ዛሬ አልመጣም። አሁን መስኮቱ ጋ ተሰቅሏል።

ኮሚቴው ፊት ሦስት ሐኪሞች ተቀምጠዋል፤ ሁለት ወንዶችና ፀጉራቸው የሸበተ አንዲት ሴት። ዶክተር መጣሁ አንገቱን ቀና አድርጎ ተናገረ። እንደዚያ ያለ ቦታ ላይ ጅማት መነካት በዓለም ሁሉ ያለ ነገር ነው፣ በእሱ ጊዜ ግን ጣቱ ይንቀሳቀስ ነበር፣ ወይዘሮዋ በቆሻሻ መሣሪያ ተርትራ አበላሸችው። እዚህ ጋ እትዬ ሚሊ ብድግ ልትል ስትል ጠበቃዋ ጉልበቷን ጨመቀቻት። ቆሻሻ መሣሪያ መባሉ ነው ያስነሳት፤ አፍልታዋለቻ።

ሴትዮዋ ሐኪም የተቃጠለውን ወረቀት ወደ መስኮት ዘርግተው ሲያዩት ቆዩ። «መስመሩ ለምን ተንቀጠቀጠ?» ብለው ጠየቁ። በግራ ስለተሣለ ነው ተባሉ። «ጽሕፈቱ የማን ነው?» እኔ ተነሳሁ። አፌ ደረቀ፤ ለወሬ ደርቆ አያውቅም። ቀኑንም፣ እሷ ስትነግረኝ መጻፌንም፣ ብዕር መያዝ ስላቃታት መሆኑንም ነገርኳቸው። አቶ እንግዲህ ከኋላ፣ እንግዲህ ይሄማ ትናንትም ሊሣል ይችላል አለ።

ያኔ ጋሼ ፋሻ ገቡ። ኮታቸው ክርናቸው ጋ ተቀዷል። ጠበቃዋ «የምስክር ልብስ እንዳትነኪ» ብላ አስቀድማ ስላስጠነቀቀቻት እትዬ ሚሊ እጇን ጭኗ ሥር ቀበረች። ወረቀቱን ሰጧቸው።

«እነዚህ አምስቱ የእኔ ናቸው» አሉ። «ቋጠሮዬ ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው፤ የግራ ሌባ ጣቴ ድሮ ተሰብሮ ስለማይታዘዘኝ። ይሄን የማያውቅ ሰው ፈልስፎ ሊሥለው አይችልም። በአራተኛው ቀን ጣቷ እንደማይታጠፍ ለዶክተሩ ነግሬያቸዋለሁ። ይነቃል አሉኝ።»

የዶክተሩ ስልክ ጮኸ። ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ «መጣሁ» ብሎ ሊነሳ ሲል ሴትዮዋ «ይቀመጡ» አሉት። ተቀመጠ። እኔ እሱ ሲቀመጥ ማየቴ የመጀመሪያዬ ነው።

«በአራተኛው ቀን ከፍተው ቢያዩት፣ ጅማቱን ቢያያይዙት፣ ጣቱ የመዳን ዕድል ነበረው?» አሉት ሴትዮዋ።

ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ሊኖረው ይችላል» አለ።

እትዬ ሚሊ አላለቀሰችም፣ አልፎከረችም። የሞተውን ጣቷን በግራ እጇ ይዛ ወደ ውስጥ አጠፈችው፤ ስትለቀው ተመልሶ ተዘረጋ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። የሚፈታው ግን የታጠቀው ሰውዬ ላይ ቢሆን ጥሩ ነበር።

ከወር ተኩል በኋላ ደብዳቤው መጣ። ለዶክተር መጣሁ የሥራ ፈቃዱ ለጥቂት ወራት ታግዶበታል። ጠባቂው እንደነገረኝ ከሆነ ዕቃውን ሰብስቦ ሲወጣም «መጣሁ» ብሎታል። ያቺ መስመር ደግሞ ከፋይሉ እንድትታረም ታዘዘ፤ በእሷ ፈንታ የገባችውን እኔ በቃሌ ይዣታለሁ፦ «የአውራ ጣቱ ጉዳት ስፌቱ ከመተርተሩ በፊት የደረሰ ሲሆን፣ ሕመምተኛዋ ለጉዳቱ ምክንያት አይደለችም።» ጠበቃዋ ይቺኑ ይዛ፣ ጊዜው ሳያልፍ፣ የካሳውን ክስ ፍርድ ቤት አስገብታለች፤ እሱ ገና ነው። ሌላ ሆስፒታል ያየቻት ሐኪም ደግሞ ሌላ ጅማት አምጥተን ብንሞክር ትንሽ ሊታጠፍ ይችላል፣ ቃል ግን አልገባልሽም ብላታለች። እትዬ ሚሊ ከሁሉ ደስ ያላት ይሄ «ቃል አልገባልሽም» የሚለው ነው። ወረቀቱንም ሦስት ጊዜ አንብባ ነው የፈረመችው፤ እስክትጨርስ ሐኪሟ ምሳዋን በልታ ተመለሰች።

ጋሼ ፋሻ ጡረታ ወጡ። ማንም አልነካቸውም። ኮታቸውን አሁን ጠግነንላቸዋል፤ ጉዳያቸው አልቋላ።

እኔ ይሄን የምጽፈው የልብስ ቅድ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። ካውያው እስኪግል የጀመርኩት ሦስት ወረቀት ሞላ። እትዬ ሚሊ ከመኪናዋ ላይ ቀና ብላ ታየኛለች፤ ድሮም ወሬ እንጂ ጽሑፍ አይሆንልኝም ብላ ነው የምታምነው።

«ምንድን ነው የምትሞነጭሪው?»

«ያንቺን ነገር።»

«ባሌንም ጻፍሽው?»

«በጎን አለፍኩት።»

«ጋሼ ሦስት ተኩል ነው ያሉትንም?»

«ጽፌዋለሁ።»

«እሱን ሰርዢው። አራት ነው፤ ለክቼዋለሁ።»

አልሰርዝም አልኳት። እሳቸው የሰፉትን እሳቸው ያውቁታል። ተቆጣች፤ ተነስታ መጣችና ብዕሬን በግራ እጇ ያዘችው። ከዚያ ቀኝ እጇን ዘረጋችልኝ፤ በአራቱ ጣቶቿ መሀል መርፌና ክር ይዛለች። የመርፌው ዓይን ላይ እየሞከረች እንደነበር አሁን ነው ያየሁት። የክሩ ጫፍ በምራቅ ርሶ፣ ተፈትሎ፣ ተሰነጣጥቋል።

«በቃ፣ መጻፉን ተይው» አለችኝ። «ይሄን ክር አስገቢልኝ።»